ምላጭና የቆዳ መቆጣት

የቆዳ መቆጣት ማለት ቆዳ ከውጭ ለደረሰበት ጉዳት የሚሰጠው መልስ ሲሆን፣ መቅላት፣ መሞቅ፣ ማበጥ፣ ማሳከክና ማቃጠል ምልክቶቹ ናቸው፤ በጠይም ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ጎልቶ ስለማይታይ ብዙ ሰው መቆጣቱን የሚያውቀው በማቃጠሉና በማሳከኩ፣ ኋላም ቦታው ጠቁሮ ሲቀር ነው። በቢቸና፣ በሞጣና በየጥኖራ ዙሪያ፣ እንደ ሌላውም የጎጃም አገር ሁሉ፣ ከተላጨ በኋላ አገጩን የሚለበልበው፣ አንገቱ ላይ ችፍ የሚልበት ወይም ማጅራቱን የሚያሳክከው ሰው «ምላጭ አይስማማኝም» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ይህ አንድ አባባል ሦስት የተለያዩ ጉዳቶችን ያጠቃልላል። አንደኛው የምላጭ መቃጠል ነው፤ ስለቱ ከፀጉሩ ጋር የቆዳውን የላይኛውን ስስ ሽፋን ፍቆ ሲወስድ የሚሰማ፣ በሰዓታት ወይም በአንድ ሁለት ቀን የሚበርድ ሕመም ነው። ሁለተኛው የጺም ሽፍታ ነው፤ የተቆረጠው ፀጉር ታጥፎ ወደ ቆዳ ተመልሶ ሲገባ ከጥቂት ቀናት በኋላ የሚወጣ፣ እየደጋገመ የሚመጣና ጠባሳ የሚተው እባጭ ነው። ሦስተኛው በቆሸሸ ወይም ሌላውን ሰው በላጨ ስለት አማካይነት የሚገባ ተላላፊ በሽታ ነው። መነሻቸው የተለያየ ስለ ሆነ መከላከያቸውም ይለያያል፤ ይሁን እንጂ በሦስቱም ጥፋቱ የሚጀምረው ምላጩ ቆዳ ላይ ከማረፉ በፊት፣ በውሃው፣ በስለቱ ዝግጅትና በንጽሕናው ላይ ሲሆን፣ የሚባባሰውም ጺምን ከሥሩ ጥርግ አድርጎ ለማንሣት ካለው ፍላጎት የተነሣ ነው።

ምላጭ ለምሥራቅ ጎጃም ሰው እንግዳ ዕቃ አይደለም። ከፋብሪካ የሚወጣው ስስ ብረት በየሱቁ ከመሸጡ በፊት ብረት ቀጥቃጭ ያወጣውና በድንጋይ የተሳለው ምላጭ በጨርቅ ተጠቅልሎ የሚቀመጥ የቤት ዕቃ ነበር። የወንድ ልጅ ቁንጮ፣ ማለትም ራሱ ዙሪያውን ተላጭቶ አናቱ ላይ የሚቀረው ፀጉር፣ የሴት ልጅም ጋሜ፣ ማለትም መሐል አናቷ ተላጭቶ ዙሪያውን የሚቀረው ፀጉር፣ ሁለቱም የምላጭ ሥራዎች ነበሩ፤ ለአቅመ ሔዋን የደረሰችውን ያላገባች ልጅም በሳዱላነቷ የሚያስታውቃት ይኸው ምላጭ ነበር። ቄሱ ከጥምጥሙ ሥር ራሱን ሲላጭ ጺሙን አይነካም፤ የቅኔ ትምህርት በሚሰጥባቸው እንደ ዲማ ጊዮርጊስ ባሉ ገዳማትና አድባራት የሚኖረው የቆሎ ተማሪም ቅማል እንዳይፈላበት ጓደኛው ራሱን ይላጨዋል። ሐዘን የደረሰባት ሴት ራሷን ስትላጭ፣ ሐዘን የደረሰበት ወንድ በተቃራኒው ጺሙን ሳይነካ ይሰነብታል። በጣሊያን ወረራ ዘመን በቢቸና ምድር ከበላይ ዘለቀ ጋር የተሰለፉትን ጨምሮ አርበኞቹ ፀጉራቸውን አሳድገው መዋላቸውም ይታወቃል። በዚህ አገር መላጨትም አለመላጨትም ለተመልካቹ የሚነግረው ነገር ያለው በመሆኑ፣ ጉዳዩን የመልክ ማሳመሪያ ጉዳይ ብቻ አድርጎ ማየት ያሳንሰዋል።

አሜሪካዊው ኪንግ ካምፕ ጂሌት ኩባንያውን ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1901 ሲሆን፣ መሸጥ በጀመረበት በ1903 የሸጠው 51 መያዣና 168 ምላጭ ብቻ ነበር፤ ዛሬ ግን እርሱ ያስለመደው ባለ ሁለት ስለት ስስ ምላጭ ያልደረሰበት የገጠር ሱቅ የለም። በከተማው ፀጉር ቤት ባለሙያው ይህንኑ ምላጭ ከነወረቀቱ በቁመቱ አጥፎ ቀጭ ሲል ለሁለት ይሰብረውና ግማሹን በብረት መያዣ ውስጥ ያስገባዋል። በዚህ ጽሑፍ ክፍት ምላጭ የሚባለው እንግዲህ እጀታ ላይ የሚታጠፈው ወፍራም ምላጭም ሆነ በመያዣ የሚገባው ግማሽ ምላጭ፣ ስለቱ በምንም መከለያ ያልተጋረደው ሁሉ ነው። መከለያ ስለሌለው ጥልቀቱን የሚወስነው እጅ ብቻ ነው፤ ስለዚህም በሚያውቅ እጅ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ለቆዳ የሚራራ፣ በማያውቅ እጅ ደግሞ ከሌላው ሁሉ የከፋ መሣሪያ ይሆናል።

የጺም ሽፍታ እንዴት እንደሚፈጠር ለመረዳት የፀጉሩን አበቃቀል ማየት ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ፀጉር የሚበቅለው በቆዳ ውስጥ ካለ ጠባብና ጥልቅ ጉድጓድ ነው፤ ይህ ጉድጓድ እዚህ ላይ የፀጉር ማኅደር ተብሎ ቢጠራ ይስማማል። ፀጉሩ ሉጫ ወይም ዞማ የሆነ ሰው ማኅደሩ ቀጥ ያለ ስለሆነ የተቆረጠው ፀጉር በመጣበት መንገድ ተመልሶ ይወጣል። ፀጉሩ ከርዳዳ የሆነ ሰው ግን ማኅደሩ ራሱ እንደ ማጭድ የጎበጠ ነው፤ ከዚያ የሚወጣውም ፀጉር ከቆዳው በላይ ጥቂት ከፍ እንዳለ ይታጠፍና ጫፉን ወደ ቆዳው ይመልሳል። ምላጭ ፀጉርን በሰያፍ ስለሚቆርጠው ጫፉ እንደ እሾህ የሾለ ይሆናል፤ የሾለው ጫፍም ቆዳውን ወግቶ ይገባል። ሰውነት ወደ ውስጥ የገባውን የራሱን ፀጉር እንደ ባዕድ ነገር ቈጥሮ ይዋጋዋል፤ የሚያብጠውና አንዳንዴም መግል የሚይዘው በዚህ ምክንያት እንጂ ሰዎች እንደሚያስቡት በደም መቆሸሽ ወይም በቅባት ምግብ ምክንያት አይደለም።

ከዚህ የሚብሰው ሁለተኛው መንገድ ነው። ቆዳው ተወጥሮ፣ ምላጩም ከፀጉሩ አበቃቀል በተቃራኒ ተስቦ ሲላጭ ስለቱ ፀጉሩን በጥቂቱ ወደ ላይ ጎትቶ ይቆርጠዋል፤ ቆዳው ሲለቀቅ የተቆረጠው ጫፍ ከቆዳው ወለል በታች ይሰምጣል። በማግሥቱ ማደግ ሲጀምር መውጫውን ከማግኘቱ በፊት የማኅደሩን ግድግዳ ከውስጥ ይወጋል። እጅ ሲዳብሰው እንደ ሕፃን ጉንጭ የሚለሰልሰው አገጭ፣ ከሦስትና ከአራት ቀን በኋላ እንደ ጎመን ዘር በተበተኑ እባጮች የሚሞላው ስለዚህ ነው። ስትራውስና ክሊግማን የተባሉት ሁለት አሜሪካውያን የቆዳ ሐኪሞች ይህንን ሕመም እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተሙት ጽሑፍ በዝርዝር አብራርተውታል፤ ከዚያም ወዲህ በአሜሪካ ጦር ውስጥ በየዕለቱ እንዲላጩ ይገደዱ የነበሩ ጥቁር ወታደሮች በሐኪም ማስረጃ ጺማቸውን በአጭሩ እንዲያቆዩ እስከ መፍቀድ ተደርሷል። ለከርዳዳ ጺም ባለቤት ከዚህ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ በጣት ሲዳሰስ ጥቂት የሚሻክር ጺም መተው የሥራ ጉድለት ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ሽፍታውን የሚከለክለው ይኸው የተተወው ጥቂት ፀጉር ነውና።

ስለ ውሃ ብዙ መባል ይገባዋል፤ ምክንያቱም ከሁሉ የረከሰው መድኃኒት እርሱ ሆኖ ሳለ ከሁሉ ይልቅ የሚናቀውም እርሱ ነው። ፀጉር የተሠራው ኬራቲን ከሚባል፣ ጥፍርና ቀንድም ከተሠሩበት ጠንካራ ንጥረ ነገር ነው። ደረቅ ጺም ከመልኩ በላይ ብርቱ ነው፤ ከብረት ጋር ሲጋጠም ሁልጊዜ ተሸናፊው እርሱ እንዳልሆነም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ምላጭ ፀጉርን ሲቆርጥ በአጉሊ መነጽር ተመልክተው፣ ከብረቱ በብዙ እጥፍ የሚለሰልሰው ፀጉር በአንዳንድ ቦታ የስለቱን ጠርዝ እንደሚሸርፈው አሳይተዋል። የተሸረፈው ስለት ቀጥሎ የሚያገኘውን ፀጉር በመቁረጥ ፈንታ ይነጨዋል፤ የሚነጨውም ሰው ስለቱን ጠበቅ አድርጎ ይጫነዋል፤ የተጫነው ስለት ቆዳውን ይፍቃል። መቃጠል በዚህ ተራ ይደርሳል።

ውሃ የጠጣ ፀጉር ግን የክብደቱን ሲሶ የሚያህል ውሃ ይዞ ይፋፋል፣ ይለሰልሳል፣ ለስለቱም በቀላሉ ይቆረጣል። ለዚህ የሚያስፈልገው ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ ነው፤ ፊትን አንድ ጊዜ ረጨት አድርጎ ወዲያው ምላጭ ማንሣት ግን ቆዳውን እንጂ ፀጉሩን አያርስም። ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኙ ደጋማ ከተሞች ስለሆኑ የጧቱ ውሃ ይቀዘቅዛል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ የሚነፍሰው ደረቅ ነፋስም ከንፈርን እንደሚሰነጥቅ ሁሉ የፊትን ቆዳ ያደርቀዋል። ስለዚህ በእነዚህ ወራት ለብ ያለ ውሃ ቅንጦት ተብሎ ሊታለፍ አይገባም። በለብታ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ፎጣ ጨመቅ ተደርጎ አገጭና አንገት ላይ ሦስት ደቂቃ ቢቀመጥ፣ እየቀዘቀዘ ሲሄድም አንድ ጊዜ ቢታደስ፣ ጺሙ ለምላጭ የደረሰ መሆኑ በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል፤ ቀድሞ እንደ ገለባ ይወጋ የነበረው ፀጉር ጣት ሲጫነው ይተኛል። ከእርሻ የተመለሰ ሰው ደግሞ አስቀድሞ አቧራውን በሳሙና መታጠብ አለበት፤ በጺም ሥር የተቀመጠ ደቃቅ አፈር ስለቱን ከፀጉሩ ይልቅ ያደንዘዋልና።

ሐዘን ላይ ሰንብቶ ከዐርባው በኋላ የሚላጭ ሰው ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ጺም በቀን በአማካይ 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚያድግ፣ በ40 ቀን አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ይደርሳል። እንዲህ የረዘመ ጺም በቀጥታ ምላጭ ከገባበት ስለቱ ላይ ይጠመጠምና ከሥሩ ይጎተታል፤ ስለዚህ በመጀመሪያ በመቀስ ወይም በቶንዶስ ማሳጠር፣ ቀጥሎ ማራስ፣ ምላጩንም በመጨረሻ ማምጣት ተገቢ ነው። ቆዳውም ለብዙ ቀን ስለት ሳይነካው ስለቆየ በዚያ ቀን አንድ ዙር ብቻ ተላጭቶ ቢተው ይበጀዋል።

አረፋው ሁለት አገልግሎት አለው፤ ውሃው ከፀጉሩ ላይ እንዳይተን ይሸፍነዋል፣ በስለቱና በቆዳውም መካከል የሚያንሸራትት ስስ ንጣፍ ይሆናል። ለዚህ የመላጫ ሳሙና ወይም ክሬም ይመረጣል፤ ካልተገኘም የገላ ሳሙና በደንብ ተመትቶ ያገለግላል። የልብስ ሳሙናና የልብስ ዱቄት ግን ለፊት አይሆኑም፤ የጤናማ ቆዳ ወለል በመጠኑ ወደ ኮምጣጣነት ያደላ ሲሆን፣ እነዚህ ግን ቅባቱን ጠራርገው የሚያወጡ ኃይለኛ ነገሮች በመሆናቸው ቆዳውን ገና ምላጭ ሳይነካው ያስቆጡታል። እንዶድም እንዲሁ ነው። ልብስን በማንጣት ለዘመናት ያገለገለው፣ በኋላም ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ የቢልሃርዝያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል በመረዳታቸው በዓለም ስሙ የታወቀው ይህ ተክል፣ አረፋው ብዙ ቢሆንም ዓይንንና ስስ ቆዳን የሚለበልብ ስለሆነ ለመላጫ መታሰብ የለበትም። ቅቤም ቢሆን ከመላጨት በፊት አይቀባም፤ ቅባት የያዘው ፀጉር ውሃ አይጠጣምና፤ የቅቤ ተራው በኋላ ነው።

ወደ ስለቱ ሲመጣ ብዙ ሰው የሚፈራው የሰላውን ምላጭ ነው፤ ሊፈራ የሚገባው ግን ዱልዱሙ ነው። የሰላ ስለት በራሱ ክብደት ብቻ ሲሳብ ፀጉሩን ይወስዳል፤ የዶለዶመው ስለት ግን ካልተጫኑት አይቆርጥም። የፊት ቆዳ የላይኛው ክፍል ውፍረት ከአንድ ቅጠል ወረቀት የማይበልጥ በመሆኑ፣ ትንሽ ጫና ሁሉ በቀጥታ እርሱ ላይ ይደርሳል። የሚታጠፈው ወፍራም ምላጭ ያለው ሰው በየጊዜው በደቃቅ መሳያ ድንጋይ ሊስለው፣ ከእያንዳንዱ መላጨት በፊትም በተወጠረ የቆዳ ጠፍር ላይ ከ20 እስከ 30 ጊዜ ሊያመላልሰው ይገባል። ድንጋይ ላይ ሲሳል ስለቱ ይቀድማል፤ ጠፍር ላይ ግን ጀርባው ቀድሞ ስለቱ ይከተላል፤ ይህ ቢዘነጋ ስለቱ ጠፍሩን ይቀደዋል፣ ራሱም ይበላሻል። የድንጋዩ ሥራ አዲስ ስለት ማውጣት ሲሆን፣ የጠፍሩ ሥራ ደግሞ ባለፈው አገልግሎት ወዲያና ወዲህ የተጣመመውን በዓይን የማይታይ ጠርዝ ማቅናት ነው። የምላጩ መድረስ የሚታወቀው በክንድ ላይ ያለን ፀጉር ቆዳውን ሳይነካ ሲቆርጥ ነው። የፋብሪካው ግማሽ ምላጭ ግን አይሳልም፤ መንጨት በጀመረበት ቅጽበት ይጣላል። ዋጋው ከሚያደርሰው ጉዳት ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለምና በእርሱ መቆጠብ የተሳሳተ ቁጠባ ነው።

ከዚህ በኋላ የእጁ ሥራ ይቀራል። ጺም በፊት ላይ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ አይበቅልም፤ ጉንጭ ላይ ብዙውን ጊዜ ወደ ታች፣ አንገት ላይ ግን ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ፣ አንዳንዴም በክብ ይበቅላል። አበቃቀሉን ለማወቅ ሳይላጩ ሁለት ቀን ቆይቶ በጣት መዳሰስ ነው፤ ጣት ያለ ችግር የሚንሸራተትበት አቅጣጫ የፀጉሩ አቅጣጫ ነው፣ የሚሻክርበትም ተቃራኒው ነው። ምላጩ መሄድ ያለበት በሚንሸራተትበት በኩል ነው። የምላጩ አያያዝ ከቆዳው ጋር ወደ 30 ዲግሪ የሚጠጋ ጠባብ ማዕዘን ይኑረው፤ ከዚያ ይበልጥ ቀና ካለ ይፍቃል፣ ከዚያ ይበልጥ ከተኛ ደግሞ ፀጉሩን ይጎትታል። አሳሳቡ አጭር አጭር፣ ጫናውም ከምላጩ ክብደት ያልበለጠ ይሁን። ሌላው እጅ ቆዳውን የሚይዘው እንዳይጨማደድ ያህል ብቻ ነው፤ አጥብቆ መወጠር ፀጉሩን ከቆዳ በታች እንደሚያስቆርጠው ከላይ ተገልጿል። ማንቁርት ላይ ሲደረስ ቆዳውን በጣት ወደ ጎን ፈቀቅ አድርጎ ከጎድጓዳው አውጥቶ መላጨት ከብዙ ቁስል ያድናል። አረፋው በተነሣበት ቦታ ስለት ደግሞ አይመለስም፤ የቀረ ፀጉር ካለ እንደገና አርሶና አረፋ ቀብቶ መላጨት ይገባል። በበዓል ዋዜማ በወረፋ የተጨናነቀ ፀጉር ቤት ውስጥ የሚላጭ ሰው አንገት በማግሥቱ የሚለበልበው፣ ብዙውን ጊዜ በደረቀ ቆዳ ላይ ተመልሶ በሄደ በዚህ ሁለተኛ ዙር ነው።

መላጨቱ ሲያበቃ ፊትን በቀዝቃዛ ውሃ ማለቅለቅና በንጹሕ ጨርቅ ሳያሹ ጫን ጫን እያሉ ማድረቅ ይበቃል። በብዙ ፀጉር ቤቶች የሚረጨው አልኮል ወይም ሽቶ የሚሰጠው የማቃጠል ስሜት የመጽዳት ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል፤ ነገር ግን አልኮሉ ገና ሽፋኑን ያጣውን ቆዳ ይበልጥ ያደርቀዋል፣ የቆሸሸ ምላጭ ያስገባውንም ቫይረስ አያወጣም። ለተቆጣ ቆዳ የሚሻለው እርጥበቱን የሚጠብቅ ስስ ቅባት ነው፤ ሽታ የሌለው ባዝሊን በጣት ጫፍ ተወስዶ በስሱ ቢቀባ ወይም የእሬት ቅጠል ተሰንጥቆ ቢጫው መራራ ፈሳሽ ከወረደለት በኋላ የሚገኘው ጥርት ያለ ዝልግልግ ቢቀባ ያበርደዋል። ለጋ ቅቤ ለተላጨ ራስ ያለው ውለታ የሚካድ አይደለም፤ እናቶች የልጃቸውን ራስ ላጭተው ቅቤ ሲያደርጉ ደረቅ ቆዳን ከነፋስና ከፀሐይ ይጠብቁ ነበር። ሆኖም የደማ ቦታ ላይ ቅቤ አይደረግም፤ ያልተጣራ ቅቤ ጀርም ሊኖርበት ይችላልና።

ሎሚና ጤና አዳም በተለይ ሊጠቀሱ ይገባል። ሁለቱም በየቤቱ የሚገኙ፣ ለብዙ ነገርም የሚያገለግሉ ቢሆኑም፣ ጭማቂያቸው ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ እሳት የሚያቃጥልና ውሃ የሚቋጥር ቁስል ያወጣል፤ ኋላም ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ከፀሐይ የሚመጣው ቆዳ አቃጣይ ጨረር ከባሕር ወለል በላይ በየ1 ሺህ ሜትሩ ከ10 በመቶ የማያንስ ጭማሪ ስለሚያሳይ፣ ቆላ ላይ ቀላል ሆኖ የሚያልፈው ጉዳት በቢቸናና በሞጣ ደጋ ላይ ይከብዳል። ተላጭቶ ወደ እርሻ ወይም ወደ ገበያ የሚወጣ ሰው ባርኔጣ ቢያደርግ፣ ከተቻለም ማታ ቢላጭ የተሻለ ነው፤ ማታ የተላጨ ቆዳ ሌሊቱን ሲያገግም ያድራል።

እስካሁን የተባለው ሁሉ በንጹሕና የአንድ ሰው ብቻ በሆነ ምላጭ ላይ የቆመ ነው። የጥኖራ በደርግ ዘመን በአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበሯ ስሟ በመላ አገሪቱ ይጠራ የነበረች ስትሆን፣ በእንዲህ ያለው ማኅበር መሬቱም በሬውም የጋራ ነበር፤ በየትኛውም ዘመንና በየትኛውም ሥርዓት የጋራ ሊሆን የማይገባው ዕቃ ግን ምላጭ ነው። በዓይን የማይታይ የደም ቅንጣት በስለት ላይ ይቀራል፤ ጉበትን የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስም በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ ለሰባት ቀን ሳይሞት ይቆያል። ኤችአይቪ ከሰውነት ውጭ ከዚህ ይልቅ ደካማ ቢሆንም፣ ወዲያው ከአንዱ ወደ ሌላው በሚሸጋገር ምላጭ የመተላለፍ ዕድሉ አይጠፋም። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በኢትዮጵያ ከሕፃናት መደበኛ ክትባት ጋር መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለደው አብዛኛው ጺም ተላጪ ሰው ይህ ጥበቃ የለውም። በየቤቱ ለጺም የዋለው ምላጭ ለዋግምት፣ ለግርዛት ወይም እንጥል ለማስቆረጥ ሲያገለግል ደግሞ አደጋው ብዙ እጥፍ ይሆናል፤ ግርዛቱና እንጥል መቁረጡ ራሳቸው በቤት ውስጥ ሊፈጸሙ የማይገባቸው መሆኑ ሳይዘነጋ ማለት ነው።

በልጆችና በቆሎ ተማሪዎች ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚታየው ቆረቆር፣ ማለትም ፈንገስ የሚያመጣው የራስ ቆዳ በሽታ፣ ከአንዱ ራስ ወደ ሌላው የሚዛመትበት አንዱ መንገድ አንድ ምላጭ ለብዙ ራስ መዋሉ ነው። ተማሪዎቹ በአንድ ጎጆ የሚኖሩ፣ ያላቸውንም ተካፍለው የሚበሉ ስለሆኑ ምላጭን ለይቶ መያዝ ከመተሳሰባቸው ጋር የሚጋጭ ሊመስላቸው ይችላል፤ ለዚህም ነው የመምህሩና የደብሩ አገልጋዮች ምክር ከማንም ይልቅ የሚያስፈልገው። ለአንድ ሰው አንድ ግማሽ ምላጭ ማዋል ቀላሉ መፍትሔ ነው። ወፍራሙን ምላጭ ለብዙ ሰው ማዋል ግድ ከሆነ፣ በመጀመሪያ በሳሙናና በውሃ ታጥቦ፣ ከዚያ 5 በመቶ ኃይል ያለው በረኪና አንድ እጅ ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ተደባልቆ በየቀኑ በሚዘጋጅ ውሁድ ውስጥ 10 ደቂቃ መዘፍዘፍ አለበት፤ በረኪና ብረት ስለሚበላ ወዲያው ታጥቦና ደርቆ በስሱ ዘይት ይቀባል። መቀቀልም ይቻላል፤ ነገር ግን በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን ወደ 92 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ስለሆነ፣ ከፈላ በኋላ ከ20 ደቂቃ ያላነሰ መቆየት ይኖርበታል። በክብሪት እሳት ላይ አንድ ጊዜ ማሳለፍ ወይም በአልኮል በራሰ ጥጥ ጠረግ ማድረግ ይህንን አይተካም። ፀጉር ቤት የሚገባ ሰውም ባለሙያው አዲሱን ምላጭ ከወረቀቱ ሲያወጣው እያየ እንዲላጭ መጠየቁ ነውር የለበትም፤ ጥሩ ባለሙያ ሳይጠየቅ ያሳየዋል።

ሽፍታው አንዴ ከወጣ በኋላ የሚደረገው ነገር ከመከላከሉ ያነሰ ጥንቃቄ አይፈልግም። ብዙ ሰው የሚቸኩለው ወደ ወረንጦ ነው፤ እሾህ በማውጣት የለመደው እጅ የገባውን ፀጉር ከሥሩ ይነቅለዋል፣ ለጊዜውም እፎይታ ያገኛል። ነገር ግን ከተነቀለው ሥር የሚበቅለው አዲስ ፀጉር ገና ከጥልቁ ሲነሣ የማኅደሩን ግድግዳ ስለሚወጋ እባጩ ከቀድሞው ጠልቆ ይመለሳል። ጫፉ ከቆዳው በላይ ቀለበት ሠርቶ የሚታይ ፀጉር ካለ በተቀቀለ መርፌ ጫፍ ቀና አድርጎ ማውጣትና ሳይነቅሉ መተው ይበቃል። ሌላው በሙሉ ምላጭ ሳይነካው ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ቢቆይ፣ ፀጉሩ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ ራሱ እንደ ተወጠረ ቀስት ተፈናጥሮ ከቆዳው ይወጣል። ከዚያ በኋላ ጺምን በቶንዶስ፣ ከቆዳው አንድ ሚሊ ሜትር ያህል አስቀርቶ ማሳጠር ይቻላል፤ ሽፍታው በየጊዜው የሚመለስበት ሰውም በዚሁ ቢቀጥልበት ምላጭ ፈጽሞ ሳያስፈልገው ይኖራል።

ከሱቅና ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ የሚገዙ ስቴሮይድ ያለባቸው ቅባቶች፣ ማለትም መቆጣትን በኃይል የሚያፍኑ መድኃኒቶች፣ በሁለት ቀን ማሳከኩን ስለሚያቆሙ ይወደዳሉ። ያለ ሐኪም ምክር ለብዙ ጊዜ ሲቀቡ ግን ቆዳውን ያሳሱታል፣ ፈንገስ ያለበትን ቦታም ያስፋፉታል። በተለይ ማጅራት ላይ በምላጭ መስመር በሚወጣበት ጠርዝ የሚታዩ ጠጣር እባጮች ችላ ሊባሉ አይገባም፤ እነዚህ ቀስ በቀስ እየተያያዙ ፀጉር የማያበቅል ወፍራም ጠባሳ የሚሆኑ ስለሆነ፣ እንደ ጎመን ዘር ሳሉ በሐኪም የታዩ እንደ ሆነ ይድናሉ፣ እንደ ባቄላ ከሆኑ በኋላ ግን ሕክምናው ረጅምና አድካሚ ነው። መግል የያዘ፣ ሙቀት ያለው፣ በፍጥነት የሚሰፋ ወይም ትኩሳት ያስከተለ እብጠት፣ እንዲሁም የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ላይ የወጣ ማንኛውም የምላጭ ቁስል፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣ ሆስፒታሎች መወሰድ ያለበት ሲሆን፣ ታማሚውም የተላጨበትን ቀን፣ ምላጩ የማን እንደ ነበረና ከዚያ በኋላ ምን እንደ ተቀባ ለሐኪሙ ሳይሸሽግ ቢናገር ምርመራው ይፈጥናል።